ብርቱካን ተነቅሎ የተተከለው ካኪ ተራው ደረሰው

ከቫሌንሲያ ከተማ በስተደቡብ፣ የሹከር ወንዝ በሚያጠጣው የሪቤራ ሜዳ፣ ፍሬ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት በዓይን ይሸጣል። ደላላው ገና ባልቀላው ፍሬ መካከል በእግሩ ይዘዋወራል። የዛፉን ቁመትና የቅርንጫፉን ጭነት ያያል፣ ከዚያም ይህ ማሳ ይህን ያህል አሮባ ይሰጣል ብሎ ቁጥር ይጠራል። በአገሬው ቋንቋ ይህን ግምት የሚሠራው ሰው «አልፋራሳዶር» ይባላል። አንድ የቫሌንሲያ አሮባ 12.78 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝቶ የሚያውቅ ነጋዴ ስሌቱ አይጠፋውም። ምርቱ ከተገመተው ከበለጠ ትርፉ የገዢው ነው፤ ካነሰም ጉዳቱ የእሱ ነው። ገበሬው ዋጋውን በቃል ተስማምቶ፣ እጅ ተጨባብጦ ይሄዳል።

በዚህ ሜዳ ለብዙ ትውልድ በዓይን ሲገመት የኖረው ብርቱካን ነበር። ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ግን የብርቱካኑን ማሳ ካኪ የሚባል ፍሬ ወረሰው። ስሙን የሰማ አንባቢ የፖስታ ወረቀት ወይም የወታደር ልብስ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም፤ የፍሬው ስም ግን ከጃፓን የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፐርሲመን ይሉታል። በመልኩ ትልቅ ቲማቲም ይመስላል፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፣ አናቱ ላይ አራት ቅጠል ያላት ቆብ ደፍቷል። ዘመዶቹ በኢትዮጵያ ጫካዎችም ውስጥ ይገኛሉ፤ አንደኛው እንዲያውም በሳይንስ ስሙ ዲዮስፒሮስ አቢሲኒካ ተብሎ የአገሪቱን የቀድሞ መጠሪያ ይዟል። ለገበያ የሚተከለው ግን ከቻይና የተነሣው ዝርያ ነው፤ ከዓለም ምርት አብዛኛውን ዛሬም የምታመርተው ቻይና ናት።

የሪቤራው ታሪክ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥመው በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሺህ ሄክታር ብቻ ይሸፍን የነበረው የስፔን ካኪ በ2010ሮቹ አጋማሽ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓመቱ ምርት ከ400 ሺህ ቶን የዘለለበት ጊዜ ነበር፤ አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከቫሌንሲያ ግዛት ነው። ከዚያ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ተነቀለ። ብርቱካኑን በኤክስካቫተር ያስነቀለው ገበሬ፣ ዕድሜ ልኩን ያፈራልኛል ያለውን ካኪም ሃያ ዓመት ሳይሞላው በዚያው ማሽን አስነቀለው። ምን ተፈጠረ?

ከዛፉ እንጀምር። ካኪ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዛፍ ነው። ብርዱ ሲገባ ዕርቃኑን ይቀራል፣ ፍሬው ብቻ እንደ ፋኖስ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ለመተኛት ብዙ ብርድ አይጠይቅም። እንደ ፖም በሺህ የሚቆጠር የቅዝቃዜ ሰዓት ካላገኘሁ አላብብም አይልም። በተኛበት ጊዜ ውርጭ ይችላል፤ የሚጎዳው ቡቃያው ከወጣ በኋላ የሚመጣ የዘገየ ውርጭ ነው። ፍሬው ቀለሙንና ስኳሩን እንዲይዝ ረጅም፣ ለብ ያለ የምርት ማብቂያ ወራት ይፈልጋል። ባሕር አጠገብ ያለ ሜዳ ይህን ሁሉ ያሟላል፤ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ብርዱ ድንገት አይወርድም፣ ሲወርድም አይከርርም። ለዚህ ነው ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ጥቁር ባሕር ድረስ በየቤቱ ጓሮ አንድ ሁለት የካኪ ዛፍ የማይጠፋው።

የጓሮ ዛፍ ሆኖ ሲኖር ካኪ ከሁሉም ፍሬ ይልቅ ጣጣው ትንሽ ነው። ተባይ ብዙም አይነካውም፣ ያለ ዘር ያፈራል፣ ሌላ ዛፍ እንዲያዳቅለው አይጠብቅም። ጣጣው የሚጀምረው ገበያ ሲገባ ነው። እንጨቱ ተሰባሪ ስለሆነ ፍሬ የተሸከመ ቅርንጫፍ ባላ ካልተደገፈ ይገነጠላል። ነፋስ ፍሬውን ከቅርንጫፍ ጋር ሲያፋትገው ቆዳው ላይ ጥቁር ጭረት ይወጣል። ጭረቱ ጣዕሙን ባይነካም ፍሬውን ከአንደኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ያወርደዋል። ሲለቀምም በእጅ ተጎትቶ አይበጠስም፣ በመቀስ ከነቆቡ ይቆረጣል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጣዕሙ ነበር። የካኪ ዝርያ በሁለት ይከፈላል። እንደ ፉዩ ያለው ዝርያ ጠንካራ እንደሆነ እንደ ፖም ይገመጣል። ሌላው ወገን፣ ሳይልም ሳይለሰልስ ከተነከሰ፣ ምላስንና ድድን አኮማትሮ ይይዛል። ጥሬ ሙዝ የቀመሰ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ የካኪው ይብሳል። ምክንያቱ በምራቅ የሚሟሟ ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሪቤራው ካኪ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስሙ «ሮሆ ብሪያንቴ»፣ ማለትም ደማቅ ቀይ ይባላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በካርሌት መንደር አካባቢ የተገኘና ከዚያ የተሰራጨ ዝርያ ነው። መልኩ ያምራል፣ ፍሬው ትልቅ ነው፣ ዛፉም አይሰስትም። ነገር ግን እንዲበላ ውስጡ እንደ ጄሊ እስኪሆን መጠበቅ ነበረበት። ያን ጊዜ ደግሞ በማንኪያ የሚበላ፣ ሁለት ቀን የማያድር፣ ሣጥን ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ የማይደረደር ፍሬ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ከመንደሩ ገበያ አልፎ ወደ ሐምቡርግ በጭነት መኪና አይሄድም። ስለዚህ ካኪ ለረጅም ጊዜ የአያቶች ፍሬ፣ የአጥር ጥግ ዛፍ ሆኖ ቀረ።

ይህን የለወጠው የማሸጊያ ቤት ሥራ ነው። ጃፓኖች ፍሬውን አልኮል በነካው በርሜል ውስጥ አሽገው አኮማታሪነቱን ማጥፋትን ከጥንት ያውቁበታል። በሪቤራ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ዘዴ የዚያ የአጎት ልጅ ነው። ጠንካራው ፍሬ አየር በማያስገባ ክፍል ይገባል፤ ክፍሉ 95 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ይያዛል፤ ፍሬው ለ24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ኦክሲጅን ያጣው ፍሬ በራሱ ውስጥ አሴታልዲሃይድ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም ታኒኑን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። ታኒኑ ፍሬው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ግን በምራቅ ስለማይሟሟ ምላስ አያገኘውም። በማግስቱ ከክፍሉ የሚወጣው ካኪ ጣፋጭ ሆኖም ጠንካራ ነው። በቢላ ይቆረጣል፣ በሣጥን ይደረደራል፣ ድንበር ያቋርጣል።

የአካባቢው አምራቾች ለካኪያቸው የምርት አካባቢ ስም ጥበቃ አገኙ። በማንኪያ የሚበላውን ለስላሳውን በአንድ ስም፣ በጋዝ የታከመውን ጠንካራውን «ፐርሲሞን» በሚል የንግድ ምልክት ለያይተው ሸጡት። በቫሌንሲያ ያለው ትልቁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት አኔኮፕም ለውጭ ገበያ ከሚያቀርባቸው ዋና ዋና ፍሬዎች አንዱ አደረገው። ጀርመንና ጣሊያን ደንበኞች ሆኑ፤ ሩሲያም ገዛች። የካኪን ዋጋ የፈጠረው እንግዲህ ዛፉ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን የሚፈጅ የጋዝ ክፍል የጓሮ ፍሬ የነበረውን ነገር የወጪ ንግድ ዕቃ አደረገው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቴክኒኩ ምስጢር አልነበረም፤ ክፍል የሠራ ሁሉ ሊጠቀምበት ይችል ነበር።

በዚያው ጊዜ የብርቱካንና የክሌሜንታይን ገበሬ ዋጋው ወጪውን አልሸፍን እያለ ተቸግሮ ነበር። የሪቤራ ማሳ ደግሞ ትንንሽ ነው። መሬት የሚለካው በአኔጋዳ ነው፤ አንድ አኔጋዳ 831 ካሬ ሜትር፣ 12 አኔጋዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። ብዙው ባለመሬት ጥቂት አኔጋዳ ብቻ ያለው፣ ሌላ ሥራ እየሠራ ቅዳሜ እሁድ ማሳውን የሚያይ ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው የካኪ ጥሪ ማራኪ ነበር። ጎረቤቱ ተክሎ ደህና ዋጋ አግኝቷል። ዛፉ ያኔ ብዙ ርጭት አይፈልግም ነበር። ውኃውም ችግር አልነበረም፣ ሜዳውን የሚያጠጣው የሹከር ንጉሣዊ ቦይ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቆፈረ ነው።

በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት «የሸረሪት ድር» የሚባል ሞዴል አለ፤ ስሙን የሰጠው ኒኮላስ ካልዶር ነው፣ በ1934። አምራቹ የሚተክለው በዛሬው ዋጋ ተመርቶ ነው፤ ምርቱ የሚደርሰው ግን በነገው ገበያ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ሁሉም ሽንኩርት ተክሎ በሚቀጥለው ወቅት ገበያው ሲጥለቀለቅ ያየ የኢትዮጵያ ነጋዴ ሞዴሉን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ሽንኩርት ግን በወራት ውስጥ ይስተካከላል። ካኪ ተተክሎ ለገበያ የሚሆን ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው፤ ሙሉ ምርቱን ለመስጠት ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። እያንዳንዱ ገበሬ ጎረቤቱ ዘንድሮ የሸጠበትን ዋጋ እያየ ተከለ፤ ጎረቤቱ ዘንድሮ ስንት ዛፍ እንደጨመረ ግን አልቆጠረም። የተተከለው ሁሉ አንድ ዝርያ ስለነበር ፍሬው በአንድ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል።

ቁጥሩን በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ የጎለመሰ የካኪ ማሳ በሄክታር ከ30 እስከ 40 ቶን ይሰጣል። ይህ በአኔጋዳ ሲመነዘር ከ2,500 እስከ 3,300 ኪሎ ግራም፣ ወይም ከ196 እስከ 260 አሮባ ገደማ ነው። አሥር አኔጋዳ ያለው ገበሬ መካከለኛውን ወስደን 29 ቶን ቢያወጣ፣ ዋጋው በኪሎ በአሥር ሳንቲም በወረደ ቁጥር 2,900 ዩሮ ከእጁ ይወጣል። የመግረዝ፣ የማዳበሪያ፣ የውኃና የርጭት ወጪው ግን በሳንቲም አይቀንስም። የመልቀሚያውም ቢሆን ከኪሎው ጋር የሚሄድ እንጂ ከዋጋው ጋር የሚወርድ አይደለም። ለዚህም ነው መጥፎ ዓመት ላይ ፍሬውን ዛፉ ላይ መተው ከመልቀም የሚሻልበት ስሌት የሚወጣው።

የዋጋው ውድቀት ብቻውን አልመጣም። ነሐሴ 2014 ሩሲያ በዩክሬን ጉዳይ ለተጣለባት ማዕቀብ አጸፋ ብላ የአውሮፓ ኅብረትን ፍሬና አትክልት ከለከለች። ውሳኔው የመጣው የካኪ ዛፎች ፍሬ ተሸክመው ሳለ ሲሆን ለቀማው ሊጀመር የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነበር። ለሩሲያ ሊላክ የታሰበው ወደ አውሮፓ ገበያ ተመለሰ። በዚያው ገበያ ላይ ደግሞ ሩሲያ አልገዛም ያለችው የፖላንድ ፖም ጭምር ቦታ ይፈልግ ነበር። በሩሲያ ገበያ የአዘርባጃን ካኪ አልተቸገረም፤ ድሮም ዋና ደንበኛው ሞስኮ ናት።

ሁለተኛው ጉዳት ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት፣ ከወደቀ ቅጠል ተነሣ። በጃፓንና በኮሪያ የሚታወቅ፣ ቅጠልን በክብ ጠባሳ የሚመታ የፈንገስ በሽታ በ2008 በቫሌንሲያ ተገኘ። ተንኮሉ ጊዜው ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከረገፈው ቅጠል የሚነሣው ዘር አዲሱን ቅጠል የሚይዘው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ሲሆን፣ ጠባሳው የሚታየው ግን መስከረም ገደማ ነው። በሽታውን ዓይቶ የሚረጭ ገበሬ ረፍዶበታል። ቅጠሉ ያለ ጊዜው ሲረግፍ ፍሬው ቶሎ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ይወድቃል። ደላላው በጠንካራነቱ ገምቶት የነበረው ፍሬ ለጋዝ ክፍሉ አይሆንም። እንግዲህ ያ «ርጭት አይፈልግም» የተባለለት ዛፍ በየዓመቱ በወቅቱ ሊረጭ ግድ ሆነ። ነጭ ጥጥ የለበሱ የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮችም ከቆቡ ሥር እየተደበቁ ፍሬውን ያበላሹ ጀመር። ተባይና ፈንገስ ብዙ ሺህ ሄክታር አንድ ዓይነት ዛፍ በአንድ ሜዳ ላይ ሲያገኙ ከዚህ የተሻለ ድግስ አይመኙም።

መድኃኒቱም አጠረ። የአውሮፓ ኅብረት ክሎርፓይሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ በ2020 መጀመሪያ፣ ማንኮዜብ የተባለውን ፀረ ፈንገስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፈቃዳቸውን አላድስም አለ። ከጤና አንፃር ክርክር የሚነሣበት ውሳኔ አይደለም። የገበሬው ቅሬታ ሌላ ነው፤ እነዚህን መድኃኒቶች ከሚጠቀሙ አገሮች የሚመጣ ፍሬ እዚያው መደርደሪያ ላይ ከእኔ ፍሬ ጎን ይሸጣል ይላል። በዚህ ላይ ጨው አለ። በሪቤራ ብዙው ካኪ የተከተበው ዲዮስፒሮስ ሎተስ በሚባል ሥር ላይ ነው። ይህ ሥር ጨዋማ ውኃ አይወድም፤ በመስኖው ውኃ ውስጥ ክሎራይድ ሲበዛ ቅጠሉ ከዳር ይቃጠላል። ጨውን የሚችል የአሜሪካ ዘመድ ሥር አለ፣ ግን የቆመን ዛፍ ሥር መለወጥ አይቻልም።

የቀረው ጉዳይ የጊዜና የሥልጣን ነው። ሮሆ ብሪያንቴ ቅዝቃዜ አይወድም። ፍሬው ከ11 ዲግሪ በታች ተቀምጦ ወደ ሱቅ ሙቀት ሲወጣ ውስጡ በድንገት ይለሰልሳል፤ ጠዋት ጠንካራ ሆኖ የተቀበሉት ሣጥን ከቀናት በኋላ ሾርባ ይሆናል። ለማቆየት ፍሬው የሚያለሰልሰውን ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እንዳይቀበል በሚያግድ ሌላ ጋዝ አስቀድሞ መታከም አለበት። ያኔ አንድ ዲግሪ ገደማ ባለው መጋዘን ሳምንታት ይቆያል። ዛፍ ላይ እያለም መብሰሉን የሚያዘገይ ርጭት አለ። ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ መጋዘኑና የጋዝ ክፍሉ ደግሞ የባለ አሥር አኔጋዳው ገበሬ አይደሉም። ጥቅምት ላይ ሁሉም ሲሸጥ መሸጥ የሚገደደው መጋዘን የሌለው ነው። ጥር ላይ፣ ፍሬው ከገበያ ሲጠፋ የሚሸጠው ያቆየው ነው።

ገበያው በተጨናነቀባቸው ዓመታት በሜዳው ላይ የተስፋፋው የሽያጭ ዓይነትም ይህንኑ ያሳያል። በዓይን ገምቶ፣ ዋጋ ቆርጦ መግዛት ቀረና ገበሬው ፍሬውን ያለ ዋጋ ማስረከብ ጀመረ። ነጋዴው ይለቅማል፣ ያክማል፣ ይሸጣል። በመጨረሻ ኮሚሽኑን፣ የጋዙን፣ የሣጥኑንና የትራንስፖርቱን ወጪ ተቀናንሶ የተረፈውን ለገበሬው ይከፍላል። በድሮው ስምምነት ግምቱ ቢሳሳት ተጎጂው ገዢው ነበር፤ በአዲሱ አደጋው በሙሉ ወደ ባለ ማሳው ተመለሰ። የስፔን መንግሥት የምግብ ሰንሰለት ሕጉን በ2020 እና በ2021 አሻሽሎ ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ለአምራቹ የሚከፈለውም ከማምረቻ ወጪው በታች እንዳይሆን ደነገገ። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ነገ የሚበሰብስ ፍሬ የያዘ ሰው ከገዢው ጋር ስለ ማምረቻ ወጪ የሚከራከርበት ጊዜ አጭር ነው።

በሜዲትራኒያን ማዶ ሌላ ሜዳ ይህንኑ ንግድ በሌላ መንገድ ይዞታል። ከቴል አቪቭ በስተሰሜን በባሕሩ ዳር የተዘረጋው የሻሮን ሜዳ «ትራያምፍ» የሚባል፣ ከሮሆ ብሪያንቴ ያነሰና ጠፍጠፍ ያለ የካኪ ዝርያ ያመርታል። እሱም ያው ምላስ የሚይዝ ዝርያ ነው፣ እሱም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይታከማል። የእስራኤል ላኪዎች ግን በአውሮፓ ገበያ የሸጡት በሜዳው ስም፣ «የሻሮን ፍሬ» ብለው ነው። በነታንያና በሐደራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ፍሬውን በዕብራይስጥ ስሙ «አፋርሴሞን» ሲሉ ያውቁታል፤ የበዓላቱ ወቅት አልፎ ብርዱ ሲጀምር ገበያውን የሚሞላው እሱ ነው። ይኸው ዝርያ በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ኬፕም ተተክሏል፤ እዚያ የሚደርሰው በተቃራኒው ወቅት ስለሆነ የአውሮፓ ሱቅ የስፔኑ ካኪ በሌለበት ጊዜ ያገኘዋል። ቫሌንሲያ በብዛት ስትበልጥ እነዚህ የያዙት ስምና ወቅት ነው።

በዚህ መካከል ኦክቶበር 29 ቀን 2024 መጣ። በአንድ ቀን ውስጥ በቫሌንሲያ ግዛት የወረደው ዝናብ ከ220 በላይ ሰዎችን የገደለ ጎርፍ አስከተለ። የማግሮ ወንዝ ሞልቶ በካርሌት፣ በላልኩዲያና በአልጄሜሲ በኩል ሲያልፍ የካኪ ለቀማው መሃል ላይ ነበር። ሰው የሞተበትን ቀን በኪሎ መቁጠር ይከብዳል። ለገበሬው ግን የተረፈውም ጥያቄ ነበር። መንገዱ ተቆርጧል፣ ማሳው በደለል ተሞልቷል፣ ለቃሚው አይደርስም፣ ፍሬው ደግሞ አይጠብቅም። ከጎርፉ በፊት ልንቀለው ወይስ አንድ ዓመት ልታገሰው ሲል የከረመ ባለ ማሳ ውሳኔውን ውኃው ወሰነለት።

ካኪውን ያስነቀሉት ምን ተከሉ? አንዳንዶቹ ወደ ብርቱካን ተመለሱ። ሌሎች አቮካዶ አሉ፤ ዋጋው ያማልላል፣ ውኃና ውርጭ ግን የአቮካዶ ጠላቶች ናቸው፤ ካኪ ተኝቶ የሚያልፈውን ብርድ አቮካዶ ቅጠሉን እንደለበሰ ይቀበለዋል። ምንም ሳይተክሉ የተውትም አሉ፤ የተተወው ማሳ ላይ የሚቀረው ዛፍ የረገፈ ቅጠሉን የሚሰበስብለት ስለሌለ የጎረቤቱ የበሽታ ጎተራ ይሆናል። የአካባቢው የምርምር ተቋም ደግሞ ቀድመው ወይም ዘግይተው የሚደርሱ፣ ምላስ የማይዙ ዝርያዎችን በማዳቀል ላይ ነው። ይህ ቢሳካ በጥቅምትና በኅዳር የሚጨናነቀውን ገበያ ያሰፋል። ዛፉ ለምርት እስኪደርስ ግን እንደገና ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ነው።

ከነቀላው የተረፈው ዛፍ ቁጥር ሲያንስ ገበያው እፎይ ያለባቸው ዓመታት አልጠፉም። ፍሬው ቀንሶ ዋጋው ሻል ሲል ተመልሶ የሚመጣው ደላላ ነው። መስከረም ላይ፣ ፍሬው ገና ሳይቀላ፣ በአኔጋዳዎቹ መካከል ያልፋል። እንደ ድሮው ቀና ብሎ የቅርንጫፉን ጭነት ከመገመቱ በፊት አሁን መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው፤ ከዛፉ ሥር ክብ ጠባሳ ያለው የረገፈ ቅጠል ካለ፣ ዋጋ ሳይጠራ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሻገራል።